ሸማኔው ኬሚካል ሲነካ፦ የታካታ አነሳስና አወዳደቅ

ጁን 26 ቀን 2017 የመኪና የደህንነት ቀበቶና ኤርባግ (ግጭት ሲደርስ ተነፍቶ ሰውን የሚያድን ከረጢት) ይሠራ የነበረው ታካታ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ቶኪዮ ላይ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ቅርንጫፉም በዚያው ሰሞን ደላዌር ላይ ተመሳሳይ ማመልከቻ አስገባ። በወቅቱ በ20 አገሮች 56 ፋብሪካና 46 ሺህ ያህል ሠራተኛ ነበረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በጃፓን አምራች ድርጅት ላይ ይህን የሚያህል ኪሳራ አልደረሰም። ገበያ አጥቶም አይደለም የወደቀው፤ በዓለም ላይ ከሚገጠሙት ኤርባጎች በግምት አንድ አምስተኛው የሱ ነበር።

የታካታ ነገር ሲነሳ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ያልቃል፦ ስግብግብ ኩባንያ፣ ርካሽ ኬሚካል፣ የሞቱ ሰዎች። ሐሰት የለበትም። ነገሩን ከሥሩ ለሚያየው ግን ይበልጥ የሚያሳስብ ነገር አለበት። ታካታ የሽመና ቤት ነበር። ድርና ማጉን፣ ቀበቶና ከረጢቱን ከማንም በላይ ያውቃል። የጣለው ገበያ እየጎተተ ያስገባው የኬሚስትሪ ሥራ ነው፤ እዚያ ውስጥ የገባው ደግሞ ዋጋ ቀንስ የሚሉ፣ ውስጡን ግን ከፍተው የማያዩ ደንበኞችን ይዞ ነው።

ድርጅቱን የመሠረቱት ታኬዞ ታካዳ ናቸው፤ ጊዜው 1933፣ ቦታው ቢዋ ሐይቅ ያለበት የሺጋ ግዛት። መጀመሪያ ለመርከብ የሚሆን የነፍስ አድን ገመድ ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ፋብሪካው ወደ ፓራሹት ዞረ። ከጦርነቱ በኋላ ታኬዞ አሜሪካ ሄደው ተመራማሪዎች የፓራሹት ማሰሪያ ለመኪና ተሳፋሪ ቀበቶ እንዲሆን ሲሞክሩ አዩ። ነገሩ ለሳቸው አዲስ አልነበረም፤ ያው የሚያውቁት ጨርቅ ነው፣ ከአውሮፕላን ወደ መኪና ወረደ እንጂ። በ1960 ታካታ የደህንነት ቀበቶ ለጃፓን ገበያ አቀረበ። የጃፓን መኪና ወደ ዓለም ሲጎርፍ ቀበቶውም አብሮ ጎረፈ፤ ሆንዳ ደግሞ ዋናው ደንበኛ ሆነ።

በ1974 ልጃቸው ጁኢቺሮ ታካዳ አመራሩን ያዙ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልግ ነገር አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሆንዳ ኤርባግ ለመሥራት ሲነሳ የከረጢቱን ጨርቅ እንዲሠራለት ታካታን ጠየቀ። ጁኢቺሮ ግን አንገራገሩ። የሆንዳ የኤርባግ መሐንዲስ የነበሩት ሳቡሮ ኮባያሺ በኋላ እንደተረኩት፣ የጁኢቺሮ ፍርሃት ግልጽ ነበር፦ ኤርባግ ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ ድርጅታችን አብሮ ይጠፋል የሚል። የሠላሳ ዓመት ቀድሞ የተነገረ ትንቢት ይመስላል። ጁኢቺሮ በመጨረሻ እሺ አሉ፤ በ1987 ሆንዳ ሌጀንድ የአሽከርካሪ ኤርባግ ይዞ ገበያ ወጣ። ሥራው በጨርቁ ቢቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚያስጽፍ ነገር ባልኖረ ነበር።

በጨርቁ አልቆመም። ታካታ ከረጢቱን የሚነፋውንም ክፍል ራሱ ለመሥራት ወሰነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሞዜስ ሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአንድ የሮኬት ኩባንያ ጋር ተጣምሮ ፋብሪካ አቆመ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ ሞንክሎቫ ላይ ከፈተ። የጀርመኑን የመሪ አምራች ፔትሪንም ገዝቶ ጠቀለለ። ኩባንያው በጥቂት ዓመታት ከጃፓን ቀበቶ አቅራቢነት ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅት አደገ። አክሲዮኑን ቶኪዮ ገበያ ላይ ሲያወጣ 2006 ሆኖ ነበር፤ ያም ሆኖ ከግማሽ በላይ ድርሻው ከታካዳ ቤተሰብ እጅ አልወጣም።

በመካከሉ አንድ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ነበር። በ1995 አሜሪካ ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ የጃፓን መኪኖች ለጥገና ተጠሩ፤ ምክንያቱ የታካታ ቀበቶ መቆለፊያ ነው። የመቆለፊያው ቁልፍ የተሠራበት ፕላስቲክ ፀሐይ እየመታው ሲቆይ ይሰባበራል፤ ፍርፋሪው ውስጥ ገብቶ ቀበቶው እንዳይቆለፍ ወይም እንዳይለቅ ያደርጋል። ጉድለቱን ልብ በሉት፦ ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ጤነኛ ነው፣ የሚበላሸው ከዓመታት በኋላ የአየር ጠባይ ሲፈራረቅበት ነው። ኤርባጉም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አሁን ከረጢቱን ወደሚነፋው ክፍል፣ ወደ ኢንፍሌተሩ እንግባ። ከመሪው መሀል፣ ከታጠፈው ከረጢት ሥር የሚቀመጥ ክብ የብረት ቆርቆሮ ነው፤ የተሳፋሪው ደግሞ በዳሽቦርዱ ውስጥ የተጋደመ ቱቦ መሳይ ነው። ግጭት ሲደርስ ሴንሰሩ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ በቆርቆሮው ውስጥ የታመቀው እንክብል ይነዳል፣ የሚወጣው ጋዝ ከረጢቱን በ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሞላዋል። ሰው ዓይኑን እስኪጨፍን እንኳ አይጠብቅም። ሥራው ቁጥጥር ያለው ፍንዳታ ነው ማለት ይቻላል። ትንሽ ቢዘገይ ሰውዬው መሪውን ይመታል፤ ቢፈጥን ደግሞ ብረቱ አይችለውም።

በመጀመሪያው ዘመን የኤርባግ አምራቾች ሶዲየም አዛይድ ነበር የሚጠቀሙት፤ መርዛማ ስለሆነ ሁሉም ሊላቀቁት ፈለጉ። ታካታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴትራዞል ወደተባለ ኬሚካል ዞረ። ቴትራዞል በደንብ ይሠራል፣ ነገር ግን ውድ ነው። ከዚያ በ2000 አካባቢ የተመረጠው አሞኒየም ናይትሬት ነው። ገበሬ በማዳበሪያነት የሚያውቀው፣ የማዕድን ቆፋሪ ድንጋይ የሚያፈርስበት ያው ኬሚካል። ከቴትራዞል በብዙ ይረክሳል፤ ሲነድ አብዛኛው ወደ ጋዝ ስለሚለወጥ ቆርቆሮውን ትንሽና ቀላል ማድረግ ያስችላል። ለመኪና አምራች ከዚህ የተሻለ የለም፦ ክብደቱ ቀነሰ፣ ቦታው ጠበበ፣ ዋጋው ወረደ።

ችግሩ አሞኒየም ናይትሬት የሚረጋ ነገር አለመሆኑ ነው። በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የክሪስታሉ አቀማመጥ ይቀየራል፤ ሲቀየር ደግሞ ይነፋል፣ መልሶም ይኮማተራል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ቀን ከዚህ በላይ ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ይህ በየቀኑ ለዓመታት ይደጋገማል ማለት ነው። የታካታ ኬሚስቶች ይህን ያውቁ ስለነበር ፖታሲየም ናይትሬት ጨምረው ክሪስታሉን ሊያረጉት ሞከሩ፤ የፋብሪካው ሰዎች በረጅሙ ‘የክሪስታል አቀማመጡ የረጋ አሞኒየም ናይትሬት’ የሚሉት ይህ ነው። የተረሳው እርጥበቱ ነው። አሞኒየም ናይትሬት ውኃ ይስባል። በቆርቆሮው መገጣጠሚያ ትንሽ እርጥበት ከገባ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜው ሲፈራረቅ እንክብሉ ቀስ በቀስ ይሳሳል፣ ይቦረቦራል። ወፍራም ግንድ እሳት ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ያው ግንድ ተጠርቦ ፍልፋይ ቢሆን ግን ባንዴ ቦግ ይላል፤ የተቦረቦረውም እንክብል እንደዚያ ነው። ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይሆንና የብረቱ ቆርቆሮ ይፈነዳል። ቁርጥራጩ ከረጢቱን ቀዶ በቀጥታ ወደ ሰው ፊትና አንገት ይወረወራል።

ሌሎቹ ትልልቅ አምራቾች ይህን ኬሚካል ከረጢቱን የሚነፋው ዋና ጋዝ አመንጪ አድርገው አልተጠቀሙበትም። ውስጥም ሳይነገር የቀረ አይመስልም፤ ሞዜስ ሌክ ይሠሩ የነበሩት መሐንዲስ ማርክ ሊሊ በዚያን ጊዜ ተቃውመው እንደነበር በኋላ በአደባባይ ተናግረዋል። ሰሚ አላገኙም። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት እንዳስረዳው ደግሞ ታካታ ከ2000 ገደማ እስከ 2015 ድረስ ለመኪና አምራቾች የሚሰጠውን የፍተሻ ውጤት ሲያስተካክልና ሲደብቅ ኖሯል። አስቡት፤ ጉዳት ከመድረሱ በፊት፣ የመጀመሪያዎቹ ኢንፍሌተሮች ገና ሲሸጡ ጀምሮ ማለት ነው። የወረቀቱ ቁጥር ጥሩ ነበርና ገዢው ፈረመ።

የመጀመሪያው ፍንዳታ በ2004 አላባማ ውስጥ ነው የተመዘገበው፣ የ2002 ሞዴል ሆንዳ አኮርድ ላይ። ሆንዳና ታካታ አጋጣሚ ነው ብለው አለፉት። በኖቬምበር 2008 ሆንዳ 4 ሺህ የማይሞሉ አኮርድና ሲቪክ መኪኖችን ጠራ። በሜይ 2009 ኦክላሆማ ውስጥ አንዲት የ18 ዓመት ወጣት በትምህርት ቤት ፓርኪንግ ውስጥ በደረሰ ቀላል ግጭት፣ ከኤርባጉ በወጣ ብረት ሞተች። በዚያው ዓመት ጥሪው ከ4 መቶ ሺህ በላይ መኪኖችን ጨመረ። ከዚያ በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ፤ በ2013 ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ኒሳንና ማዝዳ በአንድ ሰሞን 3.4 ሚሊዮን ያህል ጠሩ።

ለጉዳይ ጥናት የሚበጀው የጥሪዎቹ ብዛት ሳይሆን በየጥሪው የተሰጠው ምክንያት ነው። መጀመሪያ ‘ሞዜስ ሌክ ያለው አንድ መጭመቂያ እንክብሉን በሚገባ አልጨመቀም’ ተባለ። ቀጥሎ ‘ጉድለት ያለበትን እንክብል ለይቶ የሚጥለው መሣሪያ ተዘግቶ የተሠራበት ጊዜ ነበር’ ተባለ። ከዚያ ‘ሞንክሎቫ ውስጥ እንክብሎቹ እርጥበት አግኝተው ነበር’ መጣ። እያንዳንዱ ማብራሪያ በራሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ግን ጥፋቱን ከአንድ ማሽን፣ ከአንድ ፈረቃ፣ ከአንድ መጋዘን ላይ ለጠፉት። የፋብሪካ ስህተት ቢሆን ኖሮ መኪኖቹን ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል፤ የኬሚካሉ ባሕርይ ከሆነ ግን የተሸጠው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ታካታ ይህን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ከመጀመሪያው ፍንዳታ 11 ዓመት ወሰደበት። ሌላው ቀርቶ በመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች የተጠሩ ብዙ መኪኖች የተቀየረላቸው አዲስ ኢንፍሌተር ራሱ በአሞኒየም ናይትሬት የሚሠራ ነበር፤ ስለዚህ ዳግመኛ መጠራት ነበረባቸው።

ሕዝቡ የነቃው በ2014 መጸው ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ኦርላንዶ ፍሎሪዳ ላይ አንዲት ሴት በ2001 ሞዴል አኮርድ ተጋጭታ አንገቷ ላይ ጥልቅ ቁስል ተገኘባት። ፖሊሶች መጀመሪያ በጩቤ የተወጋች መስሏቸው ነበር፤ የመኪና ግጭት እንደዚያ ያለ ቁስል አያወጣማ። ሴትየዋ ሞተች፤ መኪናዋን እንድታሠራ የሚጠይቀው የሆንዳ ደብዳቤ ቤቷ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በኖቬምበር የአሜሪካ ሴኔት የታካታን ሰዎች ጠርቶ በይፋ ጠየቀ።

በሜይ 2015 ታካታ ጉድለቱን አመነ፤ በአሜሪካ የሚጠሩት መኪኖች ወደ 34 ሚሊዮን ደረሱ። በኖቬምበር የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን 200 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለበት። ወዲያው ግን ከቅጣቱ የከፋ ነገር መጣ፦ ሆንዳ ለአዳዲስ መኪኖቹ የፊት ኤርባግ የታካታን ኢንፍሌተር እንደማይጠቀም አስታወቀ፣ የፍተሻ መረጃው ተዛብቶ እንደነበር ማስረጃ አይቻለሁ ብሎ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አብሮ የኖረ ደንበኛ ነው እንዲህ ያለው። ሌሎቹም ተከተሉ።

በ2016 የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋምና የሮኬት ነዳጅ የሚሠራው ኦርቢታል ኤቲኬ ያደረጓቸው ምርመራዎች ምክንያቱን አንድ ላይ አስቀመጡት፦ እርጥበት መጣጭ ያልተጨመረበት አሞኒየም ናይትሬት፣ ለረጅም ጊዜ የሚፈራረቅ ከፍተኛ ሙቀት፣ እርጥበት የሚያስገባ ቆርቆሮ። ሦስቱ ሲገናኙ ይፈነዳል። በዚያው ዓመት ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩ የተወሰኑ ሆንዳና አኩራ መኪኖች ላይ በላቦራቶሪ የተደረገው ሙከራ እስከ 50 በመቶ የሚደርስ የመፈንዳት ዕድል አሳየ። መንግሥት የነዚያን መኪኖች ባለቤቶች ጥገና ቦታ ከመሄድ በቀር እንዳይነዱ መከረ።

በጃንዋሪ 2017 ታካታ በአሜሪካ የማጭበርበር ክሱን አምኖ 1 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፣ ሦስት የቀድሞ ኃላፊዎቹም ተከሰሱ። አከፋፈሉን እዩት፦ 25 ሚሊዮን የወንጀል መቀጫ፣ 125 ሚሊዮን ለተጎጂዎች፣ 850 ሚሊዮን ለመኪና አምራቾች። ሕጉ አምራቾቹን የተታለሉ ገዢዎች አድርጎ ነው ያያቸው። ለጥሪው ያወጡት ወጪ ከዚያ ይበልጣልና ካሳው አይገርምም። እኔን የማይዋጥልኝ ሌላ ነው፦ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ኢንፍሌተር የሚገዛ ኩባንያ፣ አቅራቢው በሰጠው ወረቀት ብቻ ተማምኖ አሥር ዓመት መኖሩ። ርካሹን ዋጋ ማን ጠየቀ? ሌሎች አምራቾች የሸሹትን ኬሚካል ይህ ለምን መረጠ ብሎ የጠየቀ የግዢ ክፍል ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች የወንጀሉ ክስ ውስጥ አልነበሩም።

ከኪሳራው በኋላ ያለው አጭር ነው። ሚሺጋን የሚገኘው ኪይ ሴፍቲ ሲስተምስ፣ ባለቤቱ የቻይናው ኒንግቦ ጆይሰን የሆነው፣ የታካታን ንብረት በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፤ ሽያጩ በኤፕሪል 2018 ተጠናቀቀ። የአሞኒየም ናይትሬቱ ክፍል ከግዢው ውጪ ቀርቶ ምትክ ዕቃ ለማቅረብ ብቻ ለብቻው ተቀመጠ። አዲሱ ድርጅት ጆይሰን ሴፍቲ ሲስተምስ ተባለ፤ የታካታ ስም ከኩባንያው በር ላይ ወረደ። ሦስተኛው ትውልድ፣ ሺጌሂሳ ታካዳ፣ ከ2007 ጀምረው ሲመሩ ቆይተው ነው የወረዱት። በአሜሪካ ብቻ የተጠራው 67 ሚሊዮን ያህል ኢንፍሌተር ነው፤ በዓለም ደረጃ 100 ሚሊዮን ገደማ። የሟቾቹ ቁጥር በዓለም ከ30 አልፏል። በሰው ቤት ያለው ግን አላለቀም። በ2025 ፈረንሳይ ውስጥ ሬንስ ከተማ ላይ አንዲት ሴት በታካታ ኤርባግ ከሞተች በኋላ ሲትሮኤን ብዙ የሲ3 እና ዲኤስ3 መኪኖች እንዳይነዱ አዘዘ።

ወደ እኛ ሲመጣ ነገሩ ከመኪናው ዕድሜ ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሽከረከሩት ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ በብዛት በነዚሁ ዓመታት የተሠሩ ናቸው። ቶዮታ በሜይ 2015 ከ2003 እስከ 2007 የተመረቱ ኮሮላና ቪትዝን ጨምሮ 5 ሚሊዮን ያህል መኪና ጠርቷል፤ በጃንዋሪ 2024 ደግሞ በአሜሪካ 50 ሺህ ያህል የ2003 እና 2004 ኮሮላ፣ የ2004 እና 2005 ራቭ 4 ባለቤቶችን ጨርሶ እንዳይነዱ አሳስቧል። የጥሪ ደብዳቤ የሚላከው በመዝገብ ላለው ባለቤት አድራሻ ነው። መኪናው ከጃፓን ወጥቶ፣ ዱባይ ላይ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ፣ በጅቡቲ በኩል ከገባ ደብዳቤው ማንን ያገኛል? መሪው ሲዛወር ኤርባጉ ምን እንደተደረገም ለገዢው የሚነግር የለም።

የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ እንክብሉ እዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው። ይህ ግን ሙሉ መጽናኛ አይደለም። የአሜሪካ ባለሥልጣን መኪኖችን በአደጋ ደረጃ ሲመድብ የሚያየው አንድ ጊዜም ቢሆን ሞቃትና እርጥብ ግዛት ተመዝግበው እንደነበር ነው። ስምንት ዓመት ዱባይ ወይም ጅዳ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ጉዳቱን ይዞት ነው የመጣው፤ ድሬዳዋና ሰመራ ላይ ደግሞ ይቀጥላል።

ስለዚህ የሻንሲ ቁጥር ማየት ነው። አሜሪካ የተሸጠ መኪና ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ አለው፤ በመንገድ ደህንነት ባለሥልጣኑ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያለ ዘመድም በደቂቃ ውስጥ ሊያይላችሁ ይችላል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ ግን አጭር የሻንሲ ቁጥር ነው ያለው፣ የአሜሪካው ገጽ አይቀበለውም፤ የጃፓኑን የቶዮታ ገጽ ማየት ወይም የቶዮታ ወኪሉን ሞኤንኮን መጠየቅ ይሻላል። የኤርባግ መብራቱ ዳሽቦርድ ላይ አለመብራቱ ምንም አይናገርም፤ መብራቱ የሚያየው ሽቦውን ነው፣ የእንክብሉን እርጅና አያይም። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ከተጋጨ መኪና የተፈታ ኤርባግ ከመግዛትም መቆጠብ ነው፤ ቆርቆሮው ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፣ ውስጡ ግን የስንት ዓመት ሙቀት እንዳየ የሚያውቅ ሻጭ የለም።